ከጎንደር ወደ ጅንባር ፏፏቴ፦ ለቡድን የአንድ ቀን ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ከጎንደር በማለዳ ተነስቶ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለውን ጅንባር ፏፏቴን አይቶ ከመምሸቱ በፊት መመለስ ይቻላል። ብዙ ሰው ሰሜን ተራሮች ሲባል ድንኳን፣ በቅሎና አራት ቀን እረፍት ይታየዋል። በዚህ የተነሳ ጎንደር ተወልደው አድገው ሰሜንን በፎቶ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ይህ ያሳዝነኛል። መመሪያውን የጻፍኩት ለጓደኛሞች፣ ለሥራ ባልደረቦችና ለእረፍት ከሩቅ ለመጡ ዘመዶች ነው። ከ14 ሰው በላይ ከሆናችሁ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። ብዙ ሰው ማለት ብዙ መዘግየት ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ፏፏቴ ማየትና ውሃ ውስጥ ገብቶ መዋኘት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ጅንባር የሚታይ ፏፏቴ ነው፤ አይዋኙበትም። መዋኘት ለሚፈልጉ ከታች ለብቻው ጽፌያለሁ። ያንን ክፍል ማንም ሳያነብ እንዳያልፈው።

ቀኑን መምረጥ

ውሃው በጣም የሚሞላው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ወራት ጉም ገደሉን ይሸፍነዋል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ድምፁን ሰምታችሁ ምንም ሳታዩ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ይጀምራል። ሰማዩ ይጠራል፣ ውሃው ገና አልቀነሰም፣ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ከጎንደር እስከ ዳባት ያለው ማሳ በአበባ ተሸፍኗል። እኔ ምረጥ ብባል ጥቅምትን እመርጣለሁ። ኅዳርም መልካም ነው። ከጥር በኋላ ውሃው እየሳሳ ይሄዳል፤ በየካቲትና በመጋቢት ገደሉ ላይ ቀጭን ክር ሆኖ ይቀራል። ተራራው ያኔም ያምራል፣ ለፏፏቴው ብላችሁ ከሆነ ግን አትልፉ።

የመንገዱን ደህንነት ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት አንዴ፣ በዋዜማው ማታ ደግሞ ሌላ ጊዜ ጠይቁ። በዚያ መስመር የሚመላለስ ሹፌር፣ የፓርኩ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ከተማ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ እንዲሁም የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ይጠየቁ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «ለጊዜው ተዉት» ካለ ተዉት። መዋጮ ተከፍሏል፣ ምግብ ተሠርቷል ብሎ መነሳት የለም። ለእንዲህ ያለው ቀን ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ኮሶዬ አለች። ደን አላት፣ ገደሉን ቁልቁል የሚያሳይ ቦታ አላት። ወደዚያ ለመሄድም መጠየቅ አይቀርም፤ መንገዱ ሲያጠራጥር ቤት መዋል ነው።

ሰውና ገንዘብ

አንድ አስተባባሪ ምረጡ። አንድ ብቻ። «ሁላችንም እናስተባብራለን» የተባለ ጉዞ ማንም የማያስተባብረው ጉዞ ነው። አስተባባሪው የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈት፣ መዋጮውን በቴሌብር ይሰብስብ፣ የከፈለና ያልከፈለውን ይመዝግብ። የመኪናው ኮንትራት፣ የፓርክ መግቢያ፣ የስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርኩ አጃቢ) እና የጋይድ ክፍያ፣ ምግብ፣ ከዚያ ላይ ለድንገተኛ ጉዳይ የሚቀመጥ ጥቂት ገንዘብ ይደመር። ዋጋ ስለሚለዋወጥ መዋጮ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ደባርቅ ደውሎ ማጣራት ይሻላል።

ከዚያ አስተባባሪው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው፣ በውስጥ መስመር ያናግር። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የደም ግፊት፣ እርግዝና አለ? ገደል ሲያይ የሚያዞረው ማን ነው? ዋና የሚችልስ? ይህን በግሩፑ ላይ አትጠይቁ። ሰው በሰው ፊት «አልችልም» ማለት ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ውሃ ዳር ሲደርስ አብሮ ይገባል።

ለመኪና ኮስተር ወይም ጠንካራ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። እስከ ደባርቅ አስፋልት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ፒስታ ነው፣ ዳገት አለው፣ ዝናብ ከነበረ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሹፌሩ ከዚህ በፊት ሳንቃበር ወደሚባለው የፓርኩ ካምፕ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን በዓይናችሁ እዩ። ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ መኪናው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ሹፌሩ ምሳ ከእናንተ ጋር እንደሚበላ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሰዓቱ

ጉዞው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሰዓት ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከደባርቅ ሳንቃበር ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቡ። ስለዚህ ቀኑን እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል፦

ጠዋት 12 ሰዓት ከጎንደር መነሳት። በጨለማ መንዳት ስለማይመከር ከዚያ በፊት አትነሱ፤ ከዚያም አትዘግዩ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደባርቅ ምዝገባ። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ ፓርኩ ጉዞ። 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሳንቃበር ወርዶ በእግር መጀመር። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፏፏቴው ፊት ለፊት መሆን። 7 ሰዓት ተኩል የመመለሻ ሰዓት ነው፤ የትም ብትሆኑ፣ ፏፏቴው ጋ ሳትደርሱ እንኳ ቢሆን፣ 7 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፊታችሁን ወደ መኪናው ታዞራላችሁ። ይህን ሰዓት ጎንደር እያላችሁ በሁሉም ፊት ተስማሙበት። ተራራ ላይ ሆኖ የሚጀመር ክርክር ማለቂያ የለውም። 8 ሰዓት አልፎ ከተነሳችሁ 12 ሰዓት አካባቢ ጎንደር ትገባላችሁ።

ይህ ከጠበባችሁና ዘና ብላችሁ መራመድ ከፈለጋችሁ ከዋዜማው ደባርቅ እደሩ። አልጋ ይገኛል፣ ወጪው ብዙ አይደለም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ታተርፋላችሁ። አረጋውያን ወይም ልጆች ላሉበት ቡድን ይህ ይሻላል።

ደባርቅ ላይ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የተቋቋመው። በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ከዚያ ወጥቷል። ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው። እዚያ ተመዝግባችሁ፣ መግቢያ ከፍላችሁ፣ ስካውት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሁሉም ሰው መታወቂያ ይያዝ። የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ክፍያ ስለሚለያይ ከውጭ የመጡ ዘመዶች ማስረጃቸውን ከሻንጣ ማውጣት አይርሱ።

ስካውቱ መሣሪያ የያዘ፣ አገሩን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው። ብዙዎቹ በዕድሜ የጠኑ ናቸው። ስም ጠይቁ፣ «ጋሼ» በሉ፣ ከምሳችሁ አካፍሉ። ጋይድም ብትጨምሩ ገንዘባችሁ አይባክንም። ስለ አእዋፉና ስለ ዕፅዋቱ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከሁለቱም ጋር የት ወርዳችሁ የት ከመኪናው ጋር እንደምትገናኙ ወስኑ። የሚመቸው ሳንቃበር ወርዶ በገደሉ አፋፍ መሄድ፣ መኪናው ግን በመንገዱ ቀድሞ ከፏፏቴው ብዙ ሳይርቅ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። መራመድ ያቃተው ሰው በመኪናው ሄዶ ከዚያ አጭር መንገድ ብቻ ይሄዳል። ስልክ ብዙ ቦታ ስለማይሠራ «እደውልልሃለሁ» ብላችሁ ሹፌሩን አትሸኙ። ቦታውንና ሰዓቱን ቁረጡ።

እግር ጉዞው

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ሳንቃበር ደግሞ 3,250 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ ከ1,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱ በሰባት ዲግሪ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። አየሩም ይሳሳል። የጎንደር ሰው ደጋ ስለለመደ ይቀለዋል። ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ ወዳጃችሁ ግን ራሱን ሊያመው፣ ቶሎ ቶሎ ሊያለከልክ ይችላል። ቀስ ብሎ መሄድና ውሃ መጠጣት ይረዳል። ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ካስመለሰው፣ እንደሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ግን መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው። «ትንሽ ይረፍ» እያላችሁ አትጠብቁ።

ዝግተኛው ሰው ከፊት ይሁን። ጎበዞቹ ከፊት ሲሄዱ ቡድኑ ይበጣጠሳል፤ ከኋላ የደረሰው ሰው አረፍ ሊል ሲል የቀደሙት ይነሳሉ። እሱ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይውላል። ስለዚህ ስካውቱ ከፊት፣ ዝግተኛው ከእሱ ቀጥሎ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንድ ጠንካራ ሰው። ከዚያ ጠንካራ ሰው ኋላ ማንም አይቀር።

መንገዱ በገደል አፋፍ ላይ ነው። አንዳንድ ቦታ ከእግራችሁ ሥር መሬቱ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ተራራው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ እየደራረበ የሠራው ነው፤ ውሃው ደግሞ ሲሸረሽረው ኖሮ ይህን ገደል ቆረጠው። ሣሩ አፋፉ ላይ ተደፍቶ መሬት ይመስላል፣ ሥሩ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ከጠርዙ ቢያንስ አምስት እርምጃ ራቁ። ፎቶ የሚነሳ ሰው ወደ ኋላ አይራመድ። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ኋላ» እንዳይል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አስታ በሚባለው ዛፍ መሃል ስታልፉ ቅርንጫፎቹ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ታያላችሁ፤ ጉሙ የሚያበቅለው ነው። ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደን ውስጥ ያለ ፏፏቴ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ሶር ፏፏቴ ይሂድ። እሱ የቀናት ጉዞ ነው። የእኛ ደን አጭርና ብርዳም ነው፣ እኔ ግን አልለውጠውም። ጭላዳዎችም አይጠፉም። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኙ፣ ሣር እየነጩ የሚኖሩ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ናቸው። ሰው ስለለመዱ ቅርብ ትሆናላችሁ። ዳቦም ሙዝም አትስጧቸው። አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ቀጥሎ የሚመጣውን መንገደኛ ይተናኮላል፣ የገበሬውን ማሳም ይደፍራል።

ጫማ ሶሉ የማያዳልጥ፣ ከዚህ በፊት የተለመደ ይሁን። አዲስ ስኒከር በዚህ ቀን አይመረቅም። ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ለቡድኑ ሁለት ጋቢ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ዱላ። ፀሐዩ ብርድ ስላለ አይሰማችሁም፤ ማታ ላይ ፊታችሁ ተቃጥሎ ታገኙታላችሁ።

ፏፏቴው ፊት

ግጭ ወደሚባለው ሌላ የፓርኩ ካምፕ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥላችሁ ወደ አንድ ጠባብ ሹል መሬት ትወጣላችሁ። ከማዶ ጅንባር ወንዝ ወደ 500 ሜትር በሚጠጋ ገደል ይወረወራል። በዚህ ሹል ቦታ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቁም። አራት አራት ሆናችሁ ግቡ፤ ሌሎቻችሁ ወደ ኋላ ተቀምጣችሁ ብሉ። ልጅ ካለ እጁ በአዋቂ እጅ ይሁን። ነፋሱ ድንገት ስለሚነሳ ኮፍያችሁ ቢበር ለመያዝ አትዘርጉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩት፤ ይህን ሁሉ የለፋችሁት ለዚህ ነው። ስልኩን አስቀምጣችሁ አሥር ደቂቃ ስጡት።

ከፏፏቴው በላይ ባለው ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ለእግር መታጠብ ያህል እንኳ ስካውቱ ባሳያችሁ መሻገሪያ፣ ከገደሉ ርቃችሁ ብቻ። ድንጋዩ በአረንጓዴ ነገር የተሸፈነ ነው፣ ያዳልጣል፣ ከወደቁ በኋላ ደግሞ የሚይዙት ነገር የለም።

መዋኘት ለሚፈልጉ

የጎንደር ልጅ ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ የዘለለው ፋሲል መዋኛ፣ በጥምቀት ዕለት ነው። እዚያ ግድግዳ አለ፣ ጥልቀቱ ይታወቃል፣ ዙሪያውን ሰው ሞልቷል። ወንዝ እንዲህ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በየክረምቱ ስለሚታይ ነው።

ስለዚህ ለመዋኘት ሌላ ቀን ያዙ። ዋና የማይችሉ ሰዎች የሚበዙበት ቡድን ከሆነ ደግሞ ገንዳ ያለው ሆቴል ከየትኛውም ወንዝ ይሻላል፤ ይህን ስል ደስታችሁን ልቀንስ አይደለም። ወንዝ ከመረጣችሁ እንደሚከተለው አድርጉ።

መጀመሪያ የአገሩን ሰው ጠይቁ። እረኛም ይሁን ገበሬ፣ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ «ወንድምዓለም፣ እዚህ ሰው ይዋኛል? ሰው የወሰደበት ጊዜ አለ?» በሉ። አንድ ጥያቄ ደግሞ አትርሱ፦ «ጠበል ነው?» በእኛ አገር ብዙ ምንጭና ፏፏቴ ጠበል ነው። ጠበል ከሆነ በዋና ልብስ አይገባበትም፣ በሳሙና አይታጠቡበትም፣ ሙዚቃ አይከፈትበትም። ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ቀጥሎ ውሃውን እዩ። ጥርት ብሎ ወለሉ ይታያል? በረጅም ዱላ ሲለካ የት ድረስ ደረት አይደርስም? ውሃው ከገንዳው ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሌላ ፏፏቴ ወይም ጠባብ የድንጋይ አፍ ከሆነ አትግቡ። ከገባችሁ በኋላ በየት ትወጣላችሁ? መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ገንዳ አለ። በቀጥታ ፏፏቴው ከሚወርድበት ሥር አትግቡ። ውሃው እያገላበጠ ወደ ታች ይስባል፣ ድንጋይም ይዞ ይወርዳል። ከላይ ዘልሎ መግባት ፈጽሞ የለም። አምና ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ ደለል ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ አንገት የሚሰበረው እንዲህ ነው።

ደራሽ ውሃ ከሁሉም የከፋው ነው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። የጠራው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይ የመኪና ጉዞ የመሰለ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ልብስና ስልክ ትታችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ውጡ። በወንዙ አቅጣጫ ወደ ታች አትሩጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዝ ውስጥ አትዋኙ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከውሃው የሚመጣ በሽታም አለ። ብልሃርዝያ በዝግታ በሚሄድ ወይም በተኛ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ጣና ዳር፣ ደንቢያና ቆላማ ወንዞች ላይ ይገኛል። ጎርጎራ ሄዳችሁ ለመዋኘት ካሰባችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ጣና ላይ ጉማሬም አለ። ቀዝቃዛና ፈጣን የደጋ ውሃ አደጋው ያነሰ ነው። በከተማው የሚያልፉት አንገረብና ቀሃ ቆሻሻ ስለሚገባባቸው ለዋና አይታሰቡም። ከወንዝ በአፍ ተደፍታችሁ አትጠጡ፤ አልቅት ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይይዛል።

ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ ወፍራም ገመድና በደንብ የተከደነ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን። ገመዱን ከጀሪካኑ እጀታ ጋር እሰሩት። ይህ ርካሽ ነገር ሰው ያድናል። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ከውሃ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ፣ ጀሪካኑም እጃቸው ላይ ይሁን። ውሃ ውስጥ የሚገቡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። መጠጥ የቀመሰ ሰው አይግባ። ሰው ሲሰምጥ ጮሆ አይጣራም፤ ዝም ብሎ ቀጥ ይላል፣ አፉ ውሃውን ይነካል። ያኔ ዘላችሁ አትግቡ፣ ይዟችሁ ይሰምጣል። ጀሪካኑን ወርውሩ፣ ዱላ ወይም ጋቢ ዘርጉ፣ እናንተ መሬት ላይ ተኝታችሁ ሳቡት። የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቃችሁ አትያዙት፣ ሆዱን አትጫኑት። በጀርባው አስተኝታችሁ አፉን ከፍታችሁ መጀመሪያ ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ በኃይል መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ሌላው ሰው በዚያው መኪና ያዘጋጅ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በቡድኑ ውስጥ ከሌለ ጤና ባለሙያ የሆነ ወዳጅ ፈልጋችሁ ከጉዞው በፊት አንድ ምሽት ተማሩ።

ምግብና መመለሻ

ምግቡን ቀለል አድርጉት። ጥቅምት ወርኃ ጽጌ ስለሆነ የሚጾሙ አይጠፉም። ድፎ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ በፔርሙስ ሻይ ለሁሉም ይሆናል። ለማይጾሙት ቋንጣ ፍርፍር ለብቻው ይቋጠር። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። የሃይላንድ ጠርሙሱን፣ ፌስታሉን፣ የሙዝ ልጣጩን ሳይቀር መልሳችሁ ጎንደር አምጡ። ለዚህ አንድ ጆንያ ያዙ።

መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሰው በስም ቁጠሩ፤ «ሁላችንም አለን?» ብሎ መጠየቅ መቁጠር አይደለም። ደባርቅ ስትደርሱ ለስካውቱና ለጋይዱ ከክፍያው ሌላ ጉርሻ ስጡ፣ በእጃቸው፣ አመስግናችሁ። በማግሥቱ አስተባባሪው የገንዘቡን ዝርዝር ግሩፑ ላይ ይለጥፍ፣ የተረፈውን ይመልስ። ጣና ወይም ቆላ ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው ካለ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የቆዳ ማሳከክ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየበት ሐኪም ዘንድ ሄዶ «እዚህ ውሃ ውስጥ ገብቼ ነበር» ብሎ ይናገር። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ሐኪሙ ግን ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።